ሃያ ሃያ የሚቆጥር ሚዛን

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፤ ድሬ ገና አልቀዘቀዘች።
ማራገቢያው አንገቱን ያዞራል፣ ሙቀቱን ከጥግ ወደ ጥግ እየገፋ፤
የሲሚንቶው ብናኝ በመስኮት ገብቶ
ገጽ መቶ አርባ ላይ ተደፋ።
እፍ ብዬ አነባለሁ፦
«ጭነት ወደ ኋላ ሲያደላ አፍንጫው ይነሳል፤
አብራሪው በጊዜ ካልነቃ
ክንፉ አየር መያዙን ይረሳል።»

ጥሩምባ። ተሳቢ መጣ።
መጽሐፌን ከደረሰኙ ጥራዝ ሥር እሸጉጣለሁ፤
ታርጋ፣ ባዶ ክብደት፣ ሙሉ ክብደት፣ ፊርማ፤
«ሂድ» እላለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ።
በአርባ ቶን አንድ ገጽ፤ እንዲህ እንዲህ ብሎ
ፈረቃው ያልቃል፤
ንጋት ላይ በባጃጅ ወደ ገንደ ቆሬ ስሄድ
ዓይኔ ተኝቶ፣ ከንፈሬ ቀመር እያለ ይዘልቃል።

የቤት ተጋሪዬ ኢፍቱ፣ ከፊራ ጫት ሻጭ፣
ከገበያ በፊት ወረቀቱን ይዛ ትጠይቀኛለች።
እንግሊዝኛ አታነብም። ቁጥሩን ትጠራለች፣
ጥያቄውን እኔ በቃሌ፣ መልሱንም እኔ፤
ፊቴን አይታ ግን «ይሄን ስተሻል» ትለኛለች።
እስካሁን ተሳስታ አታውቅም።

ሙቅ አየር ስስ ነው ይላል ሦስተኛው ምዕራፍ፤
ሞተሩ ይደክማል፣ መንደርደሪያው ያጥራል።
ይሄን ለድሬ ሰው ማን ያስተምራል?
የጋሪ ፈረስ እንኳ በሚያዝያ ቀትር
ዳገቱን ከሥሩ አይቶ ይቆማል፤
ያለ እርሳስ፣ ያለ ሰንጠረዥ
ቀመሩን ከባለጋሪው በፊት ይደመድማል።

«የሰው አቅም» የሚለውን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ አነበብኩ፦
«እንቅልፍ ያጣ ሰው ስህተቱን አያይም።»
ሁለቴ አሰመርኩበት።
ጠዋት ሳየው
ያሰመርኩት ከሥሩ ያለውን የሥዕል ቁጥር ነበር።

አሥራ ሦስቱን አለፍኩ። የቀረኝ የአየር ጠባይ ነው፤
ሰባ አምስት ይፈልጋል፣ ሰባ አንድ አመጣሁ።
ፈቃድ ለምኜ፣ አዲስ አበባ ድረስ በአውቶቡስ ተንገላትቼ
አራት ነጥብ ጎድዬ መጣሁ።

ለኢፍቱ አልነገርኳትም፤ ፊቴን አይታለች።
የነገርኩት ለሮብሌ ነው፣ ለተሳቢው ሾፌር፣
ሚዛኑ ላይ ሞተር አጥፍቶ ከፔርሙዙ ሻይ ሲቀዳ።
በሶማልኛ ስሙ ውስጥ ዝናብ አለ፤
«ደመና ነው የጣለሽ?» አለኝ፣ ክዳኑን እያቀበለኝ፣
«አንቺ የደቻቱ ልጅ? ምነው ለደመና እንግዳ?»

«አሸዋው ደርቆ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣
ልጅ ሁሉ ኳስ ይዞ እየተንጫጫ ያለ፤
ደንገጎ ላይ ጠዋት የዘነበው ግን
መንገድ ላይ ነው ያለ።
ከአናትሽ በላይ ያለውን አትጠይቂ።
ተራራውን ጠይቂ።»

ዝም አልኩ።
በልጅነቴ አንድ ሌሊት
ጎርፉ የጎረቤታችንን በር ከነመቃኑ ይዞ ሲወርድ
ሰማያችን ኮከብ ነበረው።
መጽሐፉ ይሄን በአንድ ሥዕል ነው ያስረዳው፤
ቀስቶቹን ሁሉ ሸምድጄ ነበር፣
ውሃውን አላየሁበትም።

ዛሬ መኪና ዘገየ። ወጥቼ ሚዛኑ ላይ ቆምኩ።
ለተሳቢ የተሠራ ነው፣ ሃያ ሃያ ነው ቆጠራው፤
የውጪው ቀይ ቁጥር «አርባ» አለ።
ሃምሳ ልሞላ አንድ ኪሎ እንደሚጎድለኝ የት ያውቃል?
ገብቼ ሁለቱን ጥራዞች ታቅፌ ተመለስኩ፦
«ስልሳ»።

ሁለት ኪሎ ወረቀት ነው፤ ውሸቱን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?
ስንት ሾፌር በዚህ ቁጥር ከእኔ ጋር ተጣልቷል።
ቢሆንም አልወረድኩም፤
ቀዩን ቁጥር እያየሁ ቆየሁ።

ከደንገጎ በኩል ንፋስ መጣ፤ አፈር አፈር ይላል።
ዞሬ ተራራውን አየሁት፤
ጨለማ ነው፣ አንዴ ብልጭ አለ፣ ድምፅ የለውም።
ሰዓቱን ደረሰኝ ጀርባ ላይ ጻፍኩ።

ጥሩምባ።
ሮብሌ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ
«አንቺ ልጅ» አለኝ፣
«ውረጂ፣ እኔ ልውጣ።»